ኮት የተቀመጠበት ወንበር

ሬሚ ምድር ቤት ቁጭ ብላ ፎጣውን አፏ ላይ ጥርቅም አድርጋ ያዘች። ከላይ፣ ከሳሎኑ፣ ጩኸቱ ቀልጧል፤ አጎቷ ዳሪል ወለሉን በጫማው እየደበደበ ነው። ጉጉቶቹ፣ የኬስለር ኮሌጅ ልጆች፣ አግብተዋል ማለት ነው። እሷ ስልክ ላይ ግን ገና ናቸው። ዴሾን ፕራየር ኳሷን እያነጠረ መሀል ሜዳውን ገና ማለፉ ነው።

የስልኩ ስርጭት ከሳሎኑ ቴሌቪዥን ግማሽ ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ስለዚህ ሬሚ የሚሆነውን ሁሉ ቀድማ በጣራው በኩል ትሰማና ቆይታ ታየዋለች። እንዲያም ሆኖ ዴሾን ተከላካዩን ወደ ግራ አታሎ፣ በቀኝ ዞሮ ኳሷን ቅርጫቱ ውስጥ ሲያስቀምጣት ፎጣው አልበቃትም፤ ድምጿ አመለጣት። ደንግጣ ወደ ላይ ቀና አለች። የመጣ ሰው የለም። ከጎኗ ማድረቂያ ማሽኑ ባዶውን ይዞራል። የስልኩ ድምፅ እንዳይሰማባት ያስነሳችው ራሷ ናት።

የምድር ቤቱ ነገር የተጀመረው ገና ሊደርስ ሰሞን ነው። ኬስለር ኮሌጅ ከሜዳው ውጭ ሲጫወት እስከ እረፍት በአስራ ሰባት ነጥብ ተመራ። ሬሚ ማየቱ ሲያቅታት «ፎጣ ልጠፍ» ብላ ወደ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ወረደች። ቡድኑ ከሞተበት ተነስቶ አሸነፈ። በሚቀጥለው ጨዋታ አጎቷ እንደ ቀልድ «እስቲ ዛሬም ውረጂ» አላት። ወረደች፤ አሸነፉ። ከዚያ አንድ ቀን ውሃ ልጠጣ ብላ ብቅ ስትል ተጋጣሚው ኦልደርሰን ያኔውኑ ሦስት ነጥብ አስቆጠረና በአንድ ነጥብ ተሸነፉ። ከዚያ ወዲህ ቀልዱ ቀረ። ኬስለር ሲጫወት የሬሚ ቦታ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ሆነ። ጨዋታው በቴሌቪዥን ይሁን እዚሁ ከተማቸው አዳራሽ ውስጥ፣ ለእሷ ለውጥ የለውም። ቡድኑ ደግሞ ከዚያች ቀን በኋላ አንድም ጊዜ አልተሸነፈም።

በዚህ ከተማ እንዲህ ያለ ነገር ማንም አይስቅበትም። የእንጨት ሥራ አስተማሪ የነበረው ጋሽ ክሊንት ካልሲውን ካጠበ ወራት አልፈዋል። ዶናት የምትሸጠው ጆሊን ኮፍያዋን ገልብጣ ነው የምታደርገው፤ ለቤተ ክርስቲያን እንኳ አታስተካክለውም። ነገሩ ካልገባችሁ የእናንተ ቡድን ዋንጫ አጠገብ ደርሶ አያውቅም ማለት ነው።

ሬሚ ግን ከዚያ ሽንፈት በኋላ ስልኳን ደብቃ መውረድ ጀምራ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያላየችው ጨዋታ የለም። ያ ሁሉ ድል የመጣው እሷ ቁጭ ብላ እያየች ነው። ለማንም ግን አልተናገረችም። መጀመሪያ አጎቷን ፈርታ ነበር። በኋላ ደግሞ ሰዉ ሁሉ መንገድ ላይ «የእድላችን ልጅ» እያለ ሲጠራት፣ እውነቱን ማውጣቱ እየከበዳት ሄደ።

የዚያን ቀን ግማሽ ፍጻሜውን አሸነፉ። ፍጻሜው ማክሰኞ ነው። የሊጉ ደንብ ስለሆነ በሊጉ ከፍ ያለ ደረጃ ላይ የጨረሰው ቡድን ሜዳ ላይ ይደረጋል። ይኸውም የኬስለር አዳራሽ ነው።

*

በማግስቱ ጠዋት የጆሊን ዶናት ቤት ውስጥ መቀመጫ አልነበረም። ሬሚ ከአያቷ ከቨርነን ጎን ተሸጉጣ ተቀምጣለች። ፊት ለፊታቸው አጎቷ ዳሪልና ጋሽ ክሊንት አሉ።

«እኔ የምለው» አለ ክሊንት ዶናቱን ለሁለት እየከፈለ፣ «ደስታው ይቆየን። ተቀያሪ ወንበሩ ላይ ማን አለ? ዴሾን ሲደክመው ማን ይገባል? ልጁ እኮ ትናንት አንዴም አልተቀየረም። ማክሰኞ እግሩ እምቢ ቢለውስ?»

«አንተ ሰርግ ብትጠራም የምታወራው ስለ ፍቺ ነው» አለ ዳሪል።

«ሳቁ፣ ሳቁ። ዘንድሮ ማን ነው ያሸነፈን? ኦልደርሰን። ማክሰኞ የምንጋጠመው ከማን ጋር ነው? ከኦልደርሰን።»

ጆሊን ቡና እየቀዳች አለፈች። «ተወው ዳሪል። እሱ ካላማረረ እኮ አናሸንፍም። የእሱም ለቅሶ የእድላችን አካል ነው።»

«እሺ፣ መከላከሉን ልተወው። በሊጉ እንደኛ የሚከላከል የለም፣ አምናለሁ» አለ ክሊንት። «ዴሾንም ቢሆን እኔ እዚህ ከተማ ከተወለድኩ እንደሱ ያለ አላየሁም። ግን ያ ረጅሙ ልጃችን የቅጣት ውርወራ ሊጥል ሲቆም እኔ ዓይኔን ነው የምጨፍነው። ከቅርጫቱ ጋር የተጣላ ነው የሚመስለው። ጨዋታው በሁለት በሦስት ነጥብ ልዩነት ከሆነ ኦልደርሰኖች እሱን እየጠበቁ ጥፋት ይሠሩበታል። በቃ፣ ተበላን።»

«እሱማ ተሻሽሏል፣ ጋሽ ክሊንት» አለች ሬሚ። «ድሮ ከመጣሉ በፊት ኳሷን ደጋግሞ ያነጥር ነበር። አሁን ትቶታል። ትከሻውን ይጥልና አንዴ ተንፍሶ ይለቃታል። ትናንት የሳተው አንዷን ብቻ ነው።»

ዳሪል ሲኒውን አስቀመጠ። ሬሚ ፊቷ ሲግል ተሰማት።

«ትከሻውን መጣሉን አንቺ በምን አየሽው?» አለ ዳሪል።

«ሬዲዮ ላይ... ሲያወሩ ሰምቼ ነው።»

«ሬዲዮ ላይ ልጁ መተንፈሱን ሳይቀር ተናገሩ?»

«ሬዲዮ ላይ የማይወራ ምን አለ» አለ አያቷ፣ ዓይኑን ከሲኒው ሳያነሳ። ከዚያ ጉልበቱን እያሸ ወሬውን ወደ ሌላ ወሰደው። «ይልቅ ልንገራችሁ። አዳራሹ ውስጥ ላሉን ወንበሮች የሚቀጥለውን ዓመት ክፍያ አላሳድስም። ለኮሌጁ ነግሬያቸዋለሁ።»

«ምን ማለትህ ነው?» አለ ክሊንት። ዶናቱን አስቀመጠው።

«ጉልበቴ ደረጃውን እምቢ አለኝ። እኔ ጣራው ሥር ነው የምቀመጠው፣ አንተ እኔ ዘንድ ለመውጣት ስንቴ እንደምታርፍ ታውቀዋለህ።»

«ታች ይቀይሩልሃላ።»

«ታች ያለው ወንበር ከአባት ለልጅ ነው የሚተላለፈው። ሰው ካልሞተ አይገኝም። ደግሞ ደረጃው ብቻ መሰለህ? ቆሞ መጠበቁስ? ባለፈው የመጀመሪያዋን ነጥብ እስክናገባ ስንቆይ ጉልበቴ የሚነቀል መስሎኝ ነበር።»

«ታዲያ ቁጭ አትልም?» አለች ጆሊን ከባንኮኒው።

«ኬስለር ሳያገባ?» አያቷ የተሰደበ ያህል ነበር ያያት። በዚያ አዳራሽ ጨዋታው ሲጀመር ሁሉም ይቆማል፤ ቡድናቸው የመጀመሪያዋን ነጥብ ሳያገባ የሚቀመጥ ሰው የለም። ነፍሰ ጡሯም ትቆማለች፣ ቄሱም ይቆማሉ። «ክሊንት፣ አንተ ትቀመጣለህ?»

«ከምቀመጥ ብሞት ይሻለኛል» አለ ክሊንት።

«እና ማክሰኞ የመጨረሻዬ ነው» አለ አያቷ፣ የአየር ጠባይ የሚናገር ይመስል ቀለል አድርጎ።

ሬሚ የነከሰችውን ዶናት ሳህኑ ላይ መለሰችው። ጣራው ሥር ያሉት ሁለት ወንበሮች አንዱ የአያቷ፣ አንዱ የሷ ናቸው። እግሯ መሬት ሳይነካ ነው እዚያ መቀመጥ የጀመረችው። አሁን ወንበሯ ላይ የአያቷ ኮት ነው የሚቀመጠው። ዳሪል እድሉን እንዳይረብሽ ብሎ ሌላ ሰው እንዳይቀመጥበት ከልክሏል።

«ሬሚ፣ አንቺ ማክሰኞ ሥራሽን ታውቂያለሽ» አለ ዳሪል። ጆሊን ደግሞ አንድ ሙሉ ካርቶን ዶናት ለምድር ቤቱ እንደምትልክላት ነገረቻት። ክሊንት ዋንጫው ከመጣ የሬሚ ፎቶ ከባንኮኒው በላይ ይሰቀላል አለና ሁሉም ሳቁ። ሬሚም ሳቀች፤ ባትስቅ ይታወቅባታል።

*

ሰኞ ትምህርት ቤት ስትደርስ ደብተሯን የምትቆልፍበት ሎከሯ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፦ «ማክሰኞ ከጉድጓድሽ እንዳትወጪ!» ከሥሩ ክፍሏ ያሉት ሁሉ ፈርመዋል። የሂሳብ አስተማሪውም ፈርሟል። ሌላ ጊዜ ቢሆን አሪፍ ነገር ነው ብላ ፎቶ ታነሳው ነበር። ያን ቀን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሌሊቱን ስታሰላው አደረች። ብትናገርና ቢሸነፉ ጥፋቱ የሷ ነው። ማንም «ኦልደርሰን በለጠን» አይልም። ዳሪል ለልጅ ልጁ ሳይቀር ያወራዋል። ዝም ብትል ደግሞ አያቷ ያን ደረጃ ለመጨረሻ ጊዜ ብቻውን ይወጣል፣ ለመጨረሻ ጊዜ ብቻውን ይወርዳል። ደግሞ ሌላም ነገር ነበር፤ እሱን ለራሷም ደፍራ አላለችውም። አያቷ አንድ ቀን እንኳ «ተዉአት፣ ከኔ ጋር ትሂድ» አላለም። ከሷ ይልቅ ድሉን መርጧል። ይሄ ነበር ከሁሉም በላይ የሚያማት።

ማክሰኞ ማታ ዶናቷን ይዛ ወረደች። ስልኳን ማድረቂያው ላይ አቆመችው። አዳራሹ ሲሞላ እያሳየ ነው።

«በይ፣ ልሄድ ነው» አለ አያቷ ከደረጃው አናት። ሁልጊዜ እንዲህ ይላል፤ እሷም «በል እሺ» ትለዋለች። ያን ጊዜ ግን ዶናቷን አስቀምጣ ደረጃውን ወጣች። አያቷ ኮቱን ክንዱ ላይ አጥፎ ቆሟል፤ ቢጫውን የኬስለር ሹራብ ለብሷል፣ ጢሙን ተላጭቷል።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልንገርህ።»

«ንገሪኝ።»

«ጨዋታዎቹን አይቻቸዋለሁ። ሁሉንም። ስልክ ይዤ ነበር የምወርደው። ከዚያ ከተሸነፍንበት ቀን ወዲህ ያላየሁት የለም።» ትንፋሿን ሳበች። «እድል የሚባል ነገር የለም። ዋሽቻችኋለሁ።»

አያቷ አልተቆጣም። ኮቱን ከአንዱ ክንዱ ወደ ሌላው አዞረው።

«አውቃለሁ» አለ።

«ምን?»

«እኔ የት እንደምቀመጥ አታውቂም? ሳሎን ውስጥ፣ የማሞቂያው ቀዳዳ አጠገብ። ከታች ዝንብ ብትበር ይሰማኛል። እኛ ጮኸን ጨርሰን፣ ክሊንት ማማረር ሲጀምር፣ ያኔ አንቺ ከታች ትጮሂያለሽ። መጀመሪያ ምን ነክቷት ነው አልኩ። በኋላ ገባኝ። አንዳንዴማ የኛ ካለፈ በኋላ ያንቺን ለመስማት እጠብቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

አያቷ ግድግዳውን ተደገፈ። «አስራ አምስት ዓመት ሞላሽ። ከሽማግሌ ጋር ጣራ ሥር መቀመጡ የሰለቸሽ መሰለኝ። እናትሽም በዚህ ዕድሜ በሯን ዘግታ ነበር የምትውለው። ዳሪል ሰበብ ሰጠሽ፣ አንቺም ደስ ብሎሽ ወረድሽ ብዬ ነው። ሰበብሽን ለምን ልንጠቅሽ?»

«እኔ ደግሞ አንተ...» ማልቀስ አልፈለገችም ግን እንባዋ መጣ። «ከኔ ይልቅ ማሸነፉን የምትወድ መስሎኝ ነበር፣ አባባ። አንድም ቀን ነይ አላልከኝም።»

«ወይ ጉድ» አለ አያቷ ቀስ ብሎ። አፍንጫውን አሸ። ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጥቶ ኮቱን አየ። «ይሄን ኮት ታያለሽ? ሁለት ጊዜ ረስቼ ፈንዲሻ አቀብዬዋለሁ። ክሊንት አይቶኝ እስካሁን ይስቅብኛል።»

ሬሚ እያለቀሰች ሳቀች። ውጭ የዳሪል መኪና ጥሩምባ ተሰማ። እሷ አያቷን አየችው፣ እሱም አያት።

«ነይ» አለ። «ጫማሽን አድርጊ።»

*

ዳሪል መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አፉን ከፍቶ ቀረ። «እሷ ወዴት ነው?»

«ወንበሯ ላይ» አለ አያቷ፣ የፊተኛውን በር እየከፈተ።

«አባዬ፣ ዛሬ? ከስንት ቀን ዛሬ?»

«ሁሉንም እያየሁ ነበር፣ አጎቴ» አለች ሬሚ ከኋላ ገብታ። «በስልክ። ስናሸንፍ ሁሉ እያየሁ ነው ያሸነፍነው።»

ዳሪል በመስታወቱ ትክ ብሎ አያት። «ይሄ አሁን መውጫ የፈጠርሽው ነው።»

«ረጅሙ ልጅ ትከሻውን እንደሚጥል ሬዲዮ የነገራት መስሎህ ነበር?» አለ አያቷ። «ንዳ ይልቅ፣ ይረፍድብናል።»

ዳሪል ሞተሩን አስነሳ። የቤተ ክርስቲያኑ መታጠፊያ ላይ ሲደርስ «ብንሸነፍ እኔ የለሁበትም፣ ለክሊንትም የምትነግሪው አንቺ ነሽ» አለ። ሬሚ «እሺ» አለችው።

የአዳራሹን ደረጃ ቀስ ብለው ወጡ። አያቷ አንድ እጁ የብረቱ መደገፊያ ላይ፣ አንዱ የሷ ትከሻ ላይ ነው። እየወጡ ሳለ ሰዎች ዞረው ያዩአታል። ሎከሯ ላይ ከፈረሙት አንዱ በክርኑ ጓደኛውን ጎሸመው። ከነሱ ሁለት ረድፍ ዝቅ ብሎ የሚቀመጠው ክሊንት ሲያያት ፊቱ አመድ መሰለ። ካልሲውን ከፍ አደረገ።

ጣራው ሥር ደረሱ። አያቷ ኮቱን ወንበሯ ላይ ሊጥለው ሲል እጁን ሰብሰብ አደረገና የራሱ ላይ ጣለው። ኳሷ ወደ ላይ ተወረወረች፣ አዳራሹ በሙሉ ቆመ።

ዴሾን መጀመሪያ የጣላት ብረቱን መትታ ወጣች። ኦልደርሰን ሄዶ አገባ። ረጅሙ ልጅ ቅርጫቱ ሥር ሆኖ ሳተ። ኦልደርሰን ሦስት ነጥብ አገባ። ኬስለር ኳስ ተቀማ፣ ኦልደርሰን እንደገና አገባ። ሰባት ለዜሮ። አሰልጣኙ እረፍት ጠይቆ ልጆቹን ሰበሰበ። ሰዉ አሁንም ቆሟል፤ የመጀመሪያው ጩኸት ግን ጠፍቷል። ከታች አንዱ ዞሮ ወደ ላይ አየ፣ ከዚያ ሌላው። ዳሪል ከክሊንት ጎን ሆኖ አንገቱን አዙሮ ሬሚን አያት። ከዚያ ዓይኑን ወደ መውጫው በር፣ እንደገና ወደሷ።

ሬሚ እግሯ ሊሄድ ተነሳሳ። ኮሪደሩ ላይ ብትቆም ማን ይጎዳል? ዴሾን የመጨረሻ ዓመቱ ነው። ከተማው ይህን ቀን ስንት ዓመት ጠብቆታል። እድል የለም ብላ ስታወራ የነበረችው ራሷ፣ አሁን ሆዷ ሌላ ነው የሚላት።

«አባባ፣ ልውጣ እንዴ? ኮሪደሩ ላይ ልቁም?»

አያቷ ከሜዳው ዓይኑን አላነሳም። እጁ ትከሻዋ ላይ ነው፤ አሁን ከደረጃው ላይ ይልቅ ከብዷል። የታመመው ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ በሱሪው ላይ ይታያል።

«እንደ ፈቀድሽ» አለ። «ግን ቀስ ብለሽ ውጪ። በድንገት ከለቀቅሽኝ ክሊንት ላይ ነው ሄጄ የማርፈው።»

ሬሚ ጎኗ ያለውን ኮት አየችው። የብርዱን ወራት ሙሉ እዚህ ሲቆም ምን ተደግፎ ነበር? ከፊቱ ያለው መደገፊያ ዝቅ ያለ ነው፣ እሱ ረጅም ነው። ኮት ደግሞ ሰው አይደግፍም።

ዳሪል አሁንም ያያታል። ሬሚ እሷም አየችውና ራሷን ነቀነቀች። አይሆንም። ከዚያ እግሮቿን ከፈት አድርጋ ቆመች፣ ትከሻዋን ከአያቷ ብብት ሥር አስገባች።

«ተደገፍ፣ አባባ» አለች። «በደንብ።»

ተደገፈ። ከብዷት ነበር፤ ግን ቻለችው። ከታች ዴሾን ኳሷን እያነጠረ መሀል ሜዳውን አለፈ። የሚሆነውን ቀድሞ የሚነግራት የጣራ ጩኸት አልነበረም። ሰሌዳው ላይ ኬስለር አሁንም ዜሮ ነው፣ የተቀመጠም ሰው የለም።